አንገቱን የደፋ ሁሉ ትሑት ነው እንዴ? የሙሴ ነገር ግራ ገብቶኛል

ብርሌ ሰባራ (ክሩን የከፈተው)
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ን እያነበብኩ ነበር። ማርያምና አሮን ሙሴን ያሙታል። ለምን? ኢትዮጵያዊቷን ስላገባ (እዚህም አለንበት ማለት ነው)። ወዲያው ቁጥር 3 ላይ «ሙሴም በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት ሰው ነበረ» ይላል። እሺ፣ ጥሩ። ግን ኦሪትን የጻፈው ማን ነው? ሙሴ ነው ሲሉን ነው ያደግነው። ታዲያ ሰው ስለ ራሱ «ከኔ በላይ ትሑት የለም» ብሎ ይጽፋል? እኔ እንዲህ የሚል አለቃ ነበረኝ። በየስብሰባው «እንደምታውቁኝ እኔ ዝቅ ብዬ ነው የምሠራው» ይላል። ሻይ የምታመጣለትን ልጅ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ስሟን አያውቅም ነበር።

ጥያቄዬ አይሁዶቹ ራሳቸው ይህን እንዴት እንደሚያዩት ነው። የሃይማኖት መሪ ትሑት ይሁን ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የሚያውቅ ያካፍለን። ለስድብ የመጣችሁ እለፉ።

ጠጅ በአፍንጫዬ
አለቃህ ወደኛ ተዛውሮ መጥቷል። አሁን ደግሞ በትሕትና የሚወዳደረኝ ካለ ይምጣ እያለ ነው።

ደብተራው
ወንድሜ ብርሌ፣ ነገሩን ከመሃል አትጀምር። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለስ። ምዕራፍ 11 ላይ ኤልዳድና ሞዳድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ወደ ድንኳኑ ሳይወጡ እዚያው ሰፈር ውስጥ ትንቢት ጀመሩ። ኢያሱ ደነገጠና «ጌታዬ ሙሴ ሆይ፣ ከልክላቸው» አለ። ሙሴ ስለኔ ትቀናለህ ወይ፣ ሕዝቡ ሁሉ ነቢይ ቢሆን እኔ ምን ቸገረኝ ዓይነት ነው የመለሰው። ሥራዬን ቀሙኝ ብሎ አልተንጨረጨረም። ማርያም በለምጽ ስትመታም ያቺኑ ያማችውን እህቱን አድናት ብሎ ጮኸላት። ጸሎቲቱ በዕብራይስጥ አምስት ቃል ብቻ ነች።

ማን ጻፈው ላልከው፣ በነሱ ትምህርት ሙሴ የተነገረውን የሚጽፍ ጸሐፊ ነው። ስለ ራሱም ቢሆን ጻፍ የተባለውን ይጽፋል።

ብርሌ ሰባራ
«ታዝዤ ነው» የሚለውንም አለቃዬ ይለው ነበር። ቀልዴን ነው ደብተራው። የአምስቱን ቃል ነገር አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የድሬዋ
አቦ ይቺን ጥያቄ እኔም ጠይቄያት አውቃለሁ! ኢየሩሳሌም ስድስት ዓመት አንድ አዛውንት ስንከባከብ ነው የኖርኩት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ በትልልቅ ፊደል የታተመ ታልሙድ (የአይሁድ መምህራን የሕግና የታሪክ መጽሐፍ) ነበራቸው፣ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ ገንፎ ሳማስል «ነይ ይቺን ስሚ» ይሉኛል። ዕብራይስጤ ያን ጊዜ የገበያ ዕብራይስጥ ነበር፣ ግን እሳቸው እስኪገባኝ አይተዉኝም።

የሙሴን ጥያቄ ስጠይቃቸው ስለ ሙሴ አልመለሱልኝም። ስለ ራቭ ዮሴፍ ነገሩኝ። ባቢሎን ውስጥ ፑምበዲታ የሚባል ትልቅ የትምህርት ቦታ የነበረ ዓይነ ስውር መምህር ነው። አንድ ጊዜ «ረቢ ከሞተ ወዲህ ትሕትና ጠፋ» የሚል ነገር (ረቢ የሚሉት ታላቁን መምህር ረቢ ይሁዳን ነው) ሲነበብ ሰማና አንባቢውን አቋረጠው። «ትሕትና ጠፋ አትበል፣ እኔ አለሁ» አለው። እኔ በሳቅ ሞትኩ፣ ገንፎውም ያዘ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቆይ ስሚ ብለው ቀጠሉ። ይሄ ሰውዬ የትምህርት ቤቱ አለቃ ሁን ተብሎ ነበር። እሱ ግን ለጓደኛው ለራባ ተወለት። ራባ 22 ዓመት መራ። በዚያን ዘመን ደም ማስወጣት፣ እንደኛ ዋግምት በሉት፣ ትልቅ ሕክምና ነው፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ባለሙያውን ቤቱ ድረስ ያስጠራል። ራቭ ዮሴፍ በነዚያ 22 ዓመታት አንድ ቀን አስጠርቶ አያውቅም። እያመመውም ራሱ ነው የሚሄደው። ወንበሩን ትቻለሁ ካለ፣ የወንበሩን ወግም ተወው ማለት ነው። አዛውንቱ «እንዲህ የኖረ ሰው እኔ አለሁ ቢል ምን ይገርማል፣ እውነቱን ነው የተናገረው» አሉኝ።

ከኔታንያ
የድሬዋ፣ እህቴ፣ በጣም ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። ታልሙዱ ራቭ ዮሴፍ ሹመቱን እምቢ ያለው ለምን እንደሆነ ይናገራል። ኮከብ ቆጣሪዎች ከተሾምክ የምትመራው ሁለት ዓመት ብቻ ነው ብለውት ነው። ስለዚህ ትሕትና ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ነፍሱንም እያዳነ ነው።

የድሬዋ
እሱንማ እሳቸውም ነግረውኛል፣ ጣፋጯን እንዳላበላሽ ብዬ ነው የዘለልኩት! ደሞ ራባ ከሞተ በኋላ ተሹሞ ሁለት ዓመት ተኩል ነው የመራው፣ ስለዚህ ኮከብ ቆጣሪዎቹም ብዙ አልተሳሳቱም። ግን ዋግምቱን አስጠራ አታስጠራ ያለው ኮከብ ቆጣሪ የለም። እሱ የራሱ ነው።

ቁጭ ብድግ
እኔ በግሌ ይሄ የትሕትና ወሬ አያሳምነኝም። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ያሉት አባቶቻችን ዝም ብለው አይደለም። ቀና ብሎ የሚናገረውን ቢያንስ ታየዋለህ። ያ ጫማውን እያየ የሚሄደው ነው ጉድ የሚሠራህ። መሪ ከሆንክ ምራ፣ በቃ። እኔ ምንም አይደለሁም እያልክ ሰው ፊት አትሽኮርመም።

የድሬዋ
አንተ ተረቱን እንደ ዋዛ ጣል አደረግከው፣ ግን ነገሩ እዚያም ቁጭ ብሎልሃል። ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ሰው ድግስ ደገሰ። አሽከሩን ወዳጄን ቃምጻን ጥራልኝ አለው። አሽከሩ ተሳስቶ ጠላቱን ባር ቃምጻን ጠራ። ደጋሹ ጠላቱ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየው ውጣ አለው። ሰው ፊት አታዋርደኝ፣ የምበላውን እከፍላለሁ አለ። እምቢ። የድግሱን ግማሽ ልክፈል። እምቢ። ሙሉውን! እምቢ። እጁን ይዞ አስወጣው። መምህራኑ እዚያው ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ባር ቃምጻ «ዝም ካሉማ ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው» አለና ሄዶ ቄሣር ዘንድ አይሁድ ዐምፀውብሃል ብሎ ነገር ሠራ። በምን አውቃለሁ ሲባል፣ መሥዋዕት ላክላቸውና የሚቀበሉህ እንደሆነ እይ አለ። ቄሣር ጥጃ ላከ። ባር ቃምጻ መንገድ ላይ የጥጃውን የላይ ከንፈር ጫር አደረገው። ለሮማውያን ነውር ያልሆነች፣ ለመቅደሱ ግን ነውር የሆነች ትንሽ ጭረት።

መምህራኑ ጨነቃቸው። ለሰላም ሲባል ይሠዋ አሉ። ዘካርያስ ቤን አቭቁላስ የሚባለው «ነውር ያለበት እንስሳ ይሠዋል ይባላል» አለ። እንግዲያው ሰውየው ሄዶ እንዳይናገር ይገደል አሉ። «መሥዋዕት ላይ ነውር ያደረገ ይገደላል ይባላል» አለ። ይባላል፣ ይባላል! በቃ እንዲሁ ቀረ። በኋላ ረቢ ዮሐናን ምን አለ መሰላችሁ፤ የዘካርያስ ቤን አቭቁላስ ትሕትና ቤታችንን አፈረሰ፣ መቅደሳችንን አቃጠለ፣ ከአገራችን አሰደደን። ትሕትናው ነው ያለው፣ ትዕቢቱ አይደለም። መቅደሱ የተቃጠለው እ.ኤ.አ. በ70 ነው። አዛውንቱ ይህችን ሲያነቡ «ይባላል» የምትለዋ ቦታ ሲደርሱ ጠረጴዛውን በጣታቸው ያንኳኩ ነበር።

ቁጭ ብድግ
እንዴ! ዛሬስ በጭፍን ተናግሬ ዒላማ መታሁ።

ደብተራው
ቆይ ግን፣ አታስገድሉ ማለቱ ክፋቱ ምንድን ነው? እኔ ዘካርያስን እንዲህ በቀላሉ አልኮንነውም።

ከኔታንያ
ደብተራው፣ ጥያቄህ አዲስ አይደለም። ራሺ፣ ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1105 ያረፈው ተርጓሚ፣ እዚህ ጋ ትሕትና የሚለውን ቃል ትዕግሥት ብሎ ነው የሚፈታው። ሰውየውን ታግሦ አላስገደለውም ለማለት። ግን እኔ ከየድሬዋ አዛውንት ጋር ነኝ። ችግሩ ሁለቱንም አታድርጉ ብሎ ሦስተኛ መንገድ አለማምጣቱ ነው። እኔ ማን ነኝና ብሎ ውሳኔውን ከትከሻው አወረደ። ሳኦልን አስታውሱ። ሊያነግሡት ሲፈልጉት ዕቃ መሃል ተደብቆ ተገኘ። ያን ጊዜ ደስ ይላል። በኋላ ግን ሕዝቡ ነው ያደረገው ሲል ሳሙኤል በዓይንህ ታናሽ ብትሆንም የነገዶቹ ራስ አይደለህም ወይ ብሎ ነው የገሠጸው። ማነስህን ሰበብ አታድርጋት ነው ነገሩ።

እኔ ሃይማኖት ትምህርት ቤት አዳሪ ነው ያደግኩት። እዚያ ጥርሳችንን የነቀልንበት ክርክር ነበር። አንዱ ወገን የተማረ ሰው ከስምንት አንድ እጅ የሚሆን፣ የዚያም አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም አንድ ስልሳ አራተኛ ኩራት ያስፈልገዋል ይላል። ያችንም ካጣ ሰው ይረግጠዋል። ሌላው ደግሞ እሷም ቅንጣቷም አታስፈልግም ይላል። ራምባም የሚባለው መምህር፣ ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፈው፣ በነገር ሁሉ መካከለኛውን መንገድ ያዝ እያለ የሚያስተምር ሰው፣ ኩራት ላይ ሲደርስ መካከለኛ የሚባል የለም፣ እስከ ጥግ ሽሽ ብሏል።

ጠጅ በአፍንጫዬ
አንድ ስልሳ አራተኛ ስንት ግራም ነው? ለሚስቴ ወንድም ላዝዝለት ነበር። ሰውየው ከመጠኑ ብዙ ነው የሚወስደው።

መና በማለዳ
እኔስ የማውቀው የጥንቱን የአይሁድ መምህር የሂሌልን ነው። አንድ ሰው ሂሌልን አናድደዋለሁ ብሎ በ400 ዙዝ (የብር ገንዘብ ነው) ተወራረደ። ዓርብ ማታ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ሂሌል ራሱን እየታጠበ ሳለ፣ እየተመላለሰ የቂል ጥያቄ ይጠይቀዋል፣ የባቢሎን ሰዎች ጭንቅላት ለምን ክብ ሆነ ምናምን። ሂሌል በየጊዜው ልብሱን ደርቦ ይወጣና «ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» ይለዋል። መጨረሻ ላይ ሰውየው በአንተ የተነሣ 400 ዙዝ ከሰርኩ ሲለው፣ ሌላ 400 ብትከስርም ሂሌል አይቆጣም አለው። ትሑት መሪ ማለት ይሄ ነው። ውይይቱ እዚህ ላይ ቢዘጋ ደስ ይለኛል።

ከኔታንያ
መና፣ ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ግን ሂሌልን መልአክ አናድርገው። ያው ሂሌል የተሾመ ዕለት ምን እንዳደረገ ታልሙዱ አልደበቀም። የፋሲካ ዋዜማ ሰንበት ላይ ዋለ። መሥዋዕቱ ሰንበትን ይሽራል ወይ ተባለ። አለቆቹ የብቴራ ልጆች ረሱት። አንድ ከባቢሎን የመጣ ሰው አለ፣ እሱ ያውቃል ተባለና ሂሌል ተጠርቶ መለሰላቸው። እነሱ ወዲያው ተነሥተው ወንበሩን ለሱ ለቀቁ። ልብ በሉ፣ ታልሙዱ ሌላ ቦታ ትሑታን ብሎ ከሚቆጥራቸው ውስጥ ሂሌልን አይደለም፣ እነዚህን ወንበር የለቀቁትን ነው። ሂሌል ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ከባቢሎን እኔን ያመጣኝ የእናንተ ስንፍና ነው» ብሎ ይወርፋቸው ጀመር። ያኔ አንዱ ጠየቀው፣ ሰው ቢላውን ከሰንበት በፊት ማምጣት ከረሳስ? ሂሌል ራሱን አከከ። «ሰምቼው ነበር፣ ረሳሁት» አለ። ከዚያ ግን ሕዝቡን ተዉት፣ ነቢያት ባይሆኑ የነቢያት ልጆች ናቸው አለ። በማግስቱ በግ ያለው ቢላውን ጸጉሩ ውስጥ ሽጦ፣ ፍየል ያለው ቀንዶቹ መሃል አስሮ መጣ። ሂሌል አይቶ አስታወሰ። ከሕዝቡ ተማረ። እኔ የ400ውን ዙዝ ሂሌል የማምነው ይሄኛውን ስላነበብኩ ነው።

መና በማለዳ
ይሄን አልሰማሁም ነበር። እሺ አይዘጋ።

ብርሌ ሰባራ
ከኔታንያ፣ አንተ ሰው ቀጥል እንጂ። እኔ ምሳዬ ቀዝቅዟል፣ እያነበብኩ ነው።

ከኔታንያ
እንግዲያው የምወዳትን ልንገራችሁ፣ ረዘም ትላለች። መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ መምህራኑ ያቭኔ የምትባል ከተማ ተሰበሰቡ። አለቃቸው ዳግማዊ ገማልያል ነው፣ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው የገማልያል የልጅ ልጅ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ሊበተን ደርሷል፣ አንድ ሰው አንድ ላይ መያዝ አለበት፣ እሱም ይዟል። ግን እጁ ከበደ። ረቢ ኢያሱ ከሚባለው ትልቅ መምህር ጋር የወር መባቻ ላይ ተጣሉ። የስርየት ቀን መቼ ነው ማለት ነው። ገማልያል «ባንተ ቆጠራ የስርየት ቀን በሚሆነው ዕለት ምርኩዝህንና ገንዘብህን ይዘህ እኔ ዘንድ ና» ብሎ አዘዘው። ለሱ ይህ ቀኑን መሻር ነው። ተጨነቀ፣ ግን ምርኩዙን ይዞ ሄደ። ገማልያል ተነሥቶ ራሱን ሳመውና «መምህሬና ተማሪዬ» አለው። እዚህ ድረስ ደስ ይላል።

ግን አልቀረም። በኋላ ስለ ማታ ጸሎት ሌላ ክርክር መጣ። ገማልያል ግዴታ ነው ይላል፣ ኢያሱ በውድ ነው ይላል። ገማልያል በጉባኤ መሃል «ቁም፣ ይመስክሩብህ» አለውና እሱ ተቀምጦ ያስተምራል፣ ሽማግሌው ቆሟል። ቆሟል። ቆሟል። ሕዝቡ አጉረመረመ። የገማልያልን ቃል ጮክ ብሎ ለጉባኤው የሚያሰማውን አስተርጓሚ «አቁም!» አሉት። እስከ መቼ ነው የሚያሠቃየው ብለው እዚያው ገማልያልን ሻሩት። አልዓዛር ቤን ዓዛርያ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ሾሙ። በር ላይ የነበረውን ዘበኛ አነሡ። ውስጡ እንደ ውጪው ያልሆነ አይግባ የሚል ደንብ ነበር፣ የገማልያል ደንብ። በሩ ሲከፈት 400 አግዳሚ ወንበር ተጨመረ፣ አይ 700 ነው የሚልም አለ።

አሁን ነው ነገሩ። ገማልያል አኩርፎ አልቀረም። የተሻረ ዕለት እዚያው ተቀምጦ ሲከራከር ዋለ፣ ተረታም። ከዚያ ኢያሱን ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ቤቱ ሄደ። የቤቱ ግድግዳ ጥቁር ነው። «ከግድግዳህ እንደማየው ከሰል የምትሠራ ነህ» አለው። ኢያሱም «አንተ መሪው ለሆንክለት ትውልድ ወዮለት፣ የተማሩ ሰዎች በምን እንደሚኖሩ አታውቅም» አለው። ያን ያህል ዓመት አብረው ሲከራከሩ ሰውየው ቤት ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። ይቅርታ አድርግልኝ አለ፣ ኢያሱ ዝም። ለአባቴ ክብር ብለህ ሲለው ነው የታረቀው። ገማልያል ተመለሰ፣ ግን ልጁንም አላባረሩትም፣ ሰንበታቱን ተካፈሉ።

የድሬዋ
ይገርማችኋል፣ ያው ገማልያል ልጁን ሲድር ቆሞ እንግዶቹን መጠጥ ይቀዳ ነበር። አንዱ መምህር ተሳቆ ጽዋውን አልቀበልም አለ፣ ኢያሱ ተቀበለ። አብርሃምም ቆሞ አስተናግዷል አለ። ይህችን ስሰማ ከዚያ ጋር አልታረቅልሽ አለኝ። ለእንግዳ ዝቅ ይላል፣ ለተከራከረው አይልም።

ደብተራው
እህቴ ትክክል ነሽ። በኛም ለጸሎተ ሐሙስ እግር ያጥቡና በበነጋው የማይቀመሱ አሉ። በዓመት አንድ ቀን ዝቅ ማለት ማንንም አይከብድም።

ቁጭ ብድግ
እኔ አሁን ገማልያልን ወደድኩት። ቢያንስ ሄዶ ግድግዳውን አይቷል።

ከኔታንያ
ቁጭ ብድግ፣ ይቺ ያልካት ነገር ነካችኝ፣ ስለዚህ የራሴን ልናገር። አያቴ ቄስ ናቸው። የቤተ እስራኤል ቄስ። ከወገራ በሱዳን በኩል፣ እስራኤል ቤተ እስራኤሎችን በአውሮፕላን ባወጣችበት በዘመቻ ሙሴ ጊዜ ነው የመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ማለቂያ። አገር ቤት ቄስ ያርሳል፣ ይጸልያል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል። እዚህ እስራኤል ሲመጡ ሰፈራችን ምኩራብ ውስጥ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ረቢ ነበር የሚያስተምረው። አያቴ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የግዕዝ ኦሪታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። አንድም ቀን ግለጡት ያላቸው የለም። ልጁ ረቢ ክፉ ሰው አልነበረም። «አባ፣ ሻሎም» ይላቸዋል፣ እጃቸውን ይጨብጣል። ግን ቤታቸው አልመጣም። ከኛ በር እስከሱ በር ሁለት ደቂቃ ነው።

እኔ 15 ዓመቴ ላይ ተናደድኩባቸው። ለምን አይናገሩም? ለምን አይነሡም? «ልጄ፣ አገሩ የነሱ ነው፣ እኛ እንግዳ ነን» አሉኝ። እኔ ይህንን ያን ጊዜ ትሕትና አላልኩትም፣ አሁንም አልለውም። ዘካርያስ ትዝ ይለኛል። እሳቸው ዝም ሲሉ እኛ ግዕዙን አጣነው። ከልጅ ልጆቹ አንድም ጸሎቱን የሚያውቅ የለም። በስግድ፣ በቤተ እስራኤል በዓል ቀን ብቻ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ዣንጥላ ተይዞላቸው ይቆማሉ፣ ሁሉም ፎቶ ያነሣቸዋል። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፣ ጥሩ ነው። በማግስቱ ግን ተመልሰው የመጨረሻው ወንበር ላይ ናቸው።

መና በማለዳ
ወንድሜ፣ አያትህ ላይ አትፍረድ። በበረሃ ያን ሁሉ መንገድ ሕዝብ ይዞ የመጣ ሰው ፈሪ አይደለም። ደክሟቸው ይሆናል።

ከኔታንያ
ልክ ነሽ። አልፈርድም፣ እየተናደድኩ ነው የምወዳቸው።

የድሬዋ
አንተ ልጅ፣ በሕይወት አሉ አይደል? እስካሁን ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ቅዳቸው። ስልክ አለህ። ረቢው ባይሄድ አንተ ሂድ።

ብርሌ ሰባራ
እውነቷን ነው። እኛም እንሰማለን።

ከኔታንያ
(ከአራት ቀን በኋላ) ሰንበት ካለፈ በኋላ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አያቴ፣ ጸሎቱን ልቅዳዎት አልኳቸው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከኔ የሚሻሉ ቄሶች አሉ፣ እነሱን ጠይቅ አሉኝ። አይሆንም፣ እርስዎን ነው አልኩ። ዝም አሉ። ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፌ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ» አሉ። «ጥምጣሜ ተጣሟል፣ መስተዋት አምጣ።»

ጠጅ በአፍንጫዬ
አንድ ስልሳ አራተኛዋ እሷ ነቻ!

ከኔታንያ
ሃሃ፣ እሷ ነች። 52 ደቂቃ ዘመሩ፣ ባትሪዬ አለቀ። ማክሰኞ ይቀጥላል።